ልጆቹ የመረጡት ችግር፤ ከኪሱሙና ከኦኒቻ የተገኙ የሁለት ተማሪዎች ሥራዎች ታሪክ

በኦገስት ወር 2018 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኦኒቻ ከምትባለው የናይጄሪያ የንግድ ከተማ የተነሡ አምስት ልጃገረዶች ካሊፎርኒያ ውስጥ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ቆመው፣ ሐሰተኛ መድኃኒትን ከእውነተኛው ለመለየት ያዘጋጁትን የተንቀሳቃሽ ስልክ መተግበሪያ ለዳኞች አቀረቡ። ከአሜሪካ፣ ከስፔን፣ ከቱርክ፣ ከኡዝቤኪስታንና ከቻይና የመጡትን ተወዳዳሪዎች በልጠውም በታዳጊዎች ምድብ የወርቅ ሽልማቱን ወሰዱ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ ከኬንያዋ ከተማ ከኪሱሙ የመጡ ሌሎች አምስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚያው ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ ደርሰው፣ የግርዛት አደጋ የተደቀነባቸው ልጃገረዶች እርዳታ የሚጠሩበትን መተግበሪያ አሳይተው ነበር።

ስለ እነዚህ ሁለት ሥራዎች በጊዜው ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው አንድ መልክ ያለው ነበር። የልጆቹ ዕድሜ ማነስ፣ የተጓዙበት መንገድ ርዝመትና የተሰጣቸው ሽልማት ሲነገር፣ ሥራው ራሱ ምን እንደ ነበረ፣ በምን ላይ እንደ ተመሠረተና ምን ያህል ሊሠራ ይችል እንደ ነበር ሳይመረመር ታልፏል። ለሙያው ሰው ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የልጅን ሥራ እንደ ተአምር ቈጥሮ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ እንደማንኛውም የምሕንድስና ሥራ ቈጥሮ ብርታቱንና ድካሙን መመርመር ግን ለልጁ የበለጠ ክብር መስጠት ይሆናል።

ልጆች ለኮምፒዩተር ትእዛዝ ሊጽፉ ይችላሉ የሚለው አሳብ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የቅርብ ጊዜ አሳብ አይደለም። በ1967 ዎሊ ፉርዛይግ፣ ሲይሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ግዛት ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ አወጡ። ፓፐርት በ1928 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ከተማ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ ሲሆኑ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በዤኔቭ ከስዊሱ የሥነ ልቡና ሊቅ ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርተው፣ ልጅ ዕውቀትን የሚያገኘው ራሱ እየገነባ ነው የሚለውን ትምህርት ይዘው የመጡ ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር እጅግ ውድ የሆነ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚቻል መሣሪያ ስለ ነበረ፣ የ12 ዓመት ልጅ እንዲያዝዘው መፍቀድ ለብዙዎች ቅንጦት ወይም ቀልድ ይመስል ነበር።

ፓፐርት በ1980 ባሳተሙት «ማይንድስቶርምስ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ ተርከዋል። ተማሪዋ ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ ቃላት እየመረጠ ዐረፍተ ነገር እንዲሠራ ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሣች። ቃላቱን ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል እያለች በየወገናቸው ለይታ ካላስቀመጠች በቀር ማሽኑ የሚያወጣው ነገር የቃላት ክምር እንጂ ንግግር ሊሆን እንደማይችል የተረዳችው ሥራውን ከጀመረች በኋላ ነው። በሰዋስው ክፍል ብዙ ጊዜ የተነገራት ትምህርት ለምን እንዳስፈለገም ያን ጊዜ ገባት። ልጅቱ ለሽልማት አልተወዳደረችም፤ ዳኛም አልነበራትም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በወጣቶች ውድድር ላይ የቀረቡ መልካም ሥራዎች ሁሉ ከእርሷ ሥራ ጋር ዝምድና አላቸው። ተማሪው ፕሮግራሙን ሲጽፍ፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ያለ አንድ ነገር ይገለጽለታል።

የውድድሩ ታሪክ ከዚህ በኋላ በሁለት መንገድ ሄዷል። አንደኛው የኦሊምፒያድ መንገድ ነው። በ1980 በምዕራብ ጀርመን የወጣቶች የፕሮግራም ውድድር ተጀመረ። በ1987 ደግሞ የቡልጋሪያው የሒሳብ ሊቅ ብላጎቬስት ሴንዶቭ ዓለም አቀፍ የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ እንዲቋቋም ለዩኔስኮ አሳብ አቀረቡ፤ የመጀመሪያውም ውድድር በሜይ 1989 ከ13 አገሮች የመጡ ተማሪዎች በተገኙበት ፕራቬትስ በተባለች የቡልጋሪያ ከተማ ተካሄደ። ፕራቬትስ የአገሪቱ መሪ የቶዶር ዢቭኮቭ የትውልድ ስፍራ ስትሆን፣ የአሜሪካኖቹን አፕል 2 አስመስለው የተሠሩት የቡልጋሪያ ኮምፒዩተሮችም በእርሷ ስም ይጠሩ ነበር። ዢቭኮቭ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከሥልጣን ወረዱ፤ ኦሊምፒያዱ ግን ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በኦሊምፒያድ ጥያቄውን የሚያወጡት ዳኞች ናቸው፤ መልሱም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይታወቃል። ተማሪው የሚፈተነው ትክክለኛና ፈጣን የስሌት ስልት በማግኘት ሲሆን፣ ለዚህም ብርቱ ልምምድና ጠንካራ የሒሳብ መሠረት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መንገድ ተማሪው ጥያቄውን ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ የሚጠይቅ ነው። የዚህ ሥር የሚገኘው በአሮጌው የትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ውስጥ ሲሆን፣ ኮምፒዩተር በየቤቱ ከገባ በኋላ ግን ከጠረጴዛ ላይ ትርኢት ወደ ፕሮግራም ተሸጋግሯል። ለምሳሌ ያህል በ2012 የጉግልን የሳይንስ ውድድር ዋና ሽልማት ያገኘችው የ17 ዓመቷ የፍሎሪዳ ተማሪ ብሪታኒ ዌንገር ያቀረበችው፣ በቀጭን መርፌ ከጡት እብጠት የተወሰደ ናሙና ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚገምት ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የተማረበት መረጃ የተገኘው ዊልያም ዎልበርግ የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ከታካሚዎቻቸው ሰብስበው ለተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ካደረጉት መዝገብ ነው። የተማሪዋ ብልህነት አያጠራጥርም። ሐኪሙ መዝገቡን በጥንቃቄ ባይዙትና ለሌላው ባይተዉት ኖሮ ግን የምትጀምርበት ነገር ባልኖራት ነበር። ከተማሪው ሥራ በስተጀርባ ያለው ይህ የሌላ ሰው መዝገብ ከዚህ በታች ደጋግሞ ይመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ለብዙ ልጆች የተከፈተው መሣሪያዎቹ ሲቀልሉ ነው። በ2007 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባልደረባ የሆኑት ሚቸል ረዝኒክና ቡድናቸው ስክራች የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሕዝብ አወጡ። በስክራች ትእዛዝ የሚጻፈው ፊደል በፊደል ሳይሆን፣ እንደ ሕፃናት መጫወቻ እርስ በርሳቸው የሚገጣጠሙ ባለ ቀለም ጡቦችን በመደርደር ነው። የማይስማሙ ሁለት ትእዛዞች አይገጥሙም፤ ስለዚህ በነጠላ ሰረዝ መጕደል ምክንያት ሥራው ሁሉ ቆሞ ልጁ ተስፋ የሚቆርጥበት ጊዜ ይቀንሳል። ስክራች ከተተረጐመባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አንዱ መሆኑን እግረ መንገድ መጥቀስ ይገባል። ይህንኑ ስልት ተከትሎ በ2010 ጉግል በፕሮፌሰር ሃል አቤልሰን አሳቢነት አፕ ኢንቬንተር የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ ኩባንያው ሥራውን ሲተወውም የማሳቹሴትሱ ኢንስቲትዩት ተረክቦ በ2012 እንደገና ለሕዝብ ከፈተው። በአፕ ኢንቬንተር የሚሠራው ነገር በእውነተኛ ስልክ ላይ የሚሄድ መተግበሪያ ስለ ሆነ፣ ልጁ የሠራውን ከትምህርት ቤቱ ክፍል አውጥቶ ለእናቱ ማሳየት ቻለ። የስልኩን ካሜራ፣ የቦታ መጠቆሚያውንና መልእክት መላኪያውን እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ ጡብ አንሥቶ መጠቀም መቻሉ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ነበር።

በዚያው በ2010 ቴክኖቬሽን የተባለው የልጃገረዶች ውድድር ተጀመረ። ውድድሩን ያካሄደው ድርጅት በ2006 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ሲሆን፣ መሥራቹም የበረራ ምሕንድስና የተማሩት ታራ ችክሎቭስኪ ናቸው። በ2017 እና በ2018 በነበረው ደንብ መሠረት ከ10 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች እስከ አምስት እየሆኑ ቡድን ይመሠርታሉ፤ በአካባቢያቸው ካለው ችግር አንዱን ይመርጣሉ፤ ጥቂት ወራት በሚፈጀው ትምህርት በበጎ ፈቃደኛ አማካሪ እየተረዱ መተግበሪያ ይሠራሉ፤ ከመተግበሪያውም ጋር አጭር የፊልም ማብራሪያና የንግድ ዕቅድ ያቀርባሉ። በ2015 የወጣው «ኮድገርል» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ከተከታተላቸው ቡድኖች መካከል የጉድጓድ ውሃ ንጽሕና ያሳሰባቸው የሞልዶቫ ልጃገረዶች ይገኙባቸዋል።

የንግድ ዕቅዱ ነገር ሳይተች መታለፍ የለበትም። ከውድድሩ የትውልድ ስፍራ ከሲሊከን ቫሊ ልማድ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። ልጆችን ስለ ወጪና ገቢ ማሳሰቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዱን ችግር ከጠባዩ ውጭ ወደ ሸቀጥነት ይጎትተዋል። ስለ ግርዛት የተጨነቀች የ16 ዓመት ልጅ ከመተግበሪያዋ ገቢ እንዴት እንደሚገኝ እንድትጽፍ መጠየቋ ለማንኛውም አንባቢ እንግዳ ነገር ነው።

የኪሱሙዎቹ ልጃገረዶች የገጠማቸው ይኸው ነበር። ኪሱሙ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በአካባቢው የሚበዙት የሉኦ ሕዝብ የሴት ልጅ ግርዛት ልማዳቸው አይደለም። በኪሱሙ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩት አምስቱ ልጆች ጉዳዩን ያወቁት ግን በሩቅ ወሬ አይደለም። ከሌላ ማኅበረሰብ የመጣች የቅርብ ጓደኛቸው ከተገረዘች በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። ለቡድናቸው «ዘ ሬስቶረርስ» የሚል፣ ትርጓሜውም መላሾች ወይም አዳሾች የሆነ ስም ሰጡት፤ መተግበሪያውንም «አይ ካት» አሉት።

ኬንያ በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለው አሳብ የተዘጋጀች አገር ነበረች። በ2007 ኤም ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያ አገልግሎት ተጀምሮ ስልክ ከመነጋገሪያነት ያለፈ ነገር መሆኑን ሕዝቡ ለምዶ ነበር። በ2008 መጀመሪያ፣ ከምርጫው በኋላ ብጥብጥ በተነሣ ጊዜ፣ ጥቂት ኬንያውያን ኡሻሂዲ የተባለውን ፕሮግራም ጽፈው፣ ማንኛውም ሰው ያየውን የኃይል ድርጊት በአጭር መልእክት ሲልክ በካርታ ላይ እንዲታይ አድርገው ነበር። ኡሻሂዲ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። በተጨማሪም በ2011 ግርዛትን ፈጽሞ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ ቢኖርም፣ በ2014 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ኬንያውያን ሴቶች 21 በመቶው የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። በኢትዮጵያም በ2016 የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 65 በመቶ የሚል ቁጥር ማስመዝገቡና ድርጊቱን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ከ2005 ጀምሮ የጸና መሆኑ ሲታሰብ፣ በሕግና በኑሮ መካከል ያለው ርቀት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አዲስ አይሆንም።

ልጃገረዶቹ ያነጣጠሩት በዚህ ርቀት ላይ ነው። መተግበሪያው ሲከፈት ጥቂት ቁልፎች ይታያሉ። አንዱ አደጋ የተደቀነባት ልጅ ወደ መጠለያ እንድትወሰድ የምትጠይቅበት፣ ሌላው ድርጊቱ ሊፈጸም መሆኑን ያወቀ ሰው ለባለ ሥልጣን የሚያመለክትበት ነው። የተገረዘች ልጅ የሕክምናና የሕግ እርዳታ የምትጠይቅበት፣ ስለ ግርዛት ማብራሪያ የሚገኝበት፣ እርዳታ መስጠት የሚፈልግም የሚለግስበት ቁልፍ አለ። ፕሮግራሙ ራሱ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ጀማሪ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ሊጽፈው ይችላል። የፈጠራው ብርታት ያለው ልጃገረዶቹ በመጠለያው፣ በፖሊሱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው ዘንድ ተበታትኖ የነበረውን ነገር ከተጠቂዋ አንጻር አይተው በአንድ ገጽ ላይ ማሰባሰባቸው ነው። መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን በየክፍላቸው ይከፋፍላሉ፤ የተቸገረች ልጅ ግን የምታውቀው አንድ ችግር ብቻ ነው። ይህን ለማየት የጓደኛዋ ወንበር ባዶ ሆኖ ያየች ተማሪ ከብዙ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የቀረበች ነበረች።

ድካሙም እዚያው ነው። ለመገረዝ ከሚታጩት ልጆች ብዙዎቹ ገጠር የሚኖሩ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው ናቸው፤ በቤት ውስጥ ስልክ ካለም ያለው በአባት እጅ፣ ማለት ድርጊቱን ከሚወስነው ሰው ዘንድ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የእርዳታ ቁልፍ ሲነካ በሌላው ጫፍ ላይ የሚነሣ ሰው መኖር አለበት። መኪና ያለው መጠለያ፣ በሌሊት የሚሠራ ፖሊስ ጣቢያ፣ ልጅቱን ከወላጆቿ ለይቶ ለማቆየት ሥልጣን ያለው ዳኛ ያስፈልጋል። እነዚህን የአምስት ልጆች ቡድን በጥቂት ወራት ሊያቋቁማቸው አይችልም፤ ሊያቋቁማቸውም አይገባም። ውድድሩ ያልመዘነውም ይህንኑ ነው። ዳኞቹ ከፊታቸው የነበረው ስልኩ፣ ማብራሪያውና ዕቅዱ ብቻ ነበር።

የኪሱሙዎቹ ልጆች በካሊፎርኒያ ዋናውን ሽልማት አላገኙም። በ2019 ግን የአውሮፓ ፓርላማ በየዓመቱ ለሚሰጠው የሳካሮቭ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች መካከል ተቈጠሩ። በዚያ ዓመት ሽልማቱ የተሰጠው በእስር ላይ ለሚገኙት ለኡይጉሩ ምሁር ለኢልሃም ቶህቲ ነበር። በትምህርት ቤት ውድድር የተጀመረ ሥራ ከእንዲህ ያለው ስም ጎን መጠቀሱ ጥቂት ነገር አይደለም። በ2022 የተደረገው የኬንያ ጥናት የተገረዙትን ሴቶች ቁጥር 15 በመቶ አድርሶታል፤ ይህን ዝቅታ ከአንድ መተግበሪያ ጋር ማያያዝ ግን ታሪክ አይሆንም። ዝቅታው የብዙ አሥርት ዓመታት ትምህርት፣ የሴቶች ማኅበራት ትግልና የሕግ ውጤት ነው።

ወደ ኦኒቻ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ጥልቀት ያገኛል፤ በዚያ የነበረው ችግር ለፕሮግራም የተመቸ መስሎ የሚያታልል ነበርና። ኦኒቻ በኒጀር ወንዝ ዳር ያለች፣ በገበያዋ ስፋት በምዕራብ አፍሪካ ሁሉ የታወቀች ከተማ ናት። ከገበያዎቿም አንዱ በድልድዩ አካባቢ የሚገኘው የመድኃኒት ገበያ ነው። በዚያ ፀረ ወባው፣ ሽሮፑና መርፌው እንደ ጨርቅና እንደ ሳሙና በጅምላ ሲሸጥ ኖሯል። የናይጄሪያ ብሔራዊ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ ናፍዳክ፣ በ2007 ገበያውን ዘግቶ ብዙ ሐሰተኛ መድኃኒት አስወግዷል።

ያን ጊዜ ድርጅቱን ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዶራ አኩንዪሊ ራሳቸው የዚያው የአናምብራ ግዛት ሰው ነበሩ። መድኃኒት ቀማሚ ምሁር ሲሆኑ፣ የስኳር ሕመም የነበረባት እኅታቸው በ1988 በሐሰተኛ ኢንሱሊን ምክንያት ሞታባቸዋለች። በ2001 ተሹመው እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ ሲሠሩ ነጋዴዎቹን በግልጽ ተዋጓቸው። በ2003 መኪናቸው ላይ ተተኵሶ ጥይቱ የራስ መሸፈኛቸውን በስቶ ሲያልፍ ለጥቂት ተረፉ። በ2014 ዐርፈዋል። በ2018 የተሸለሙት የኦኒቻ ልጆች በዚህ ታሪክ ጥላ ሥር ያደጉ ናቸው። ሐሰተኛ መድኃኒት በዚያ ከተማ የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም፤ ከትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ በካርቶን ተደርድሮ የሚገኝ ነገር ነበር።

ስልክን ለዚህ ጉዳይ ለማዋል ያሰቡ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ግን እነርሱ አልነበሩም። በ2007 በጋና ብራይት ሳይመንስ ኤም ፔዲግሪ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ሌላው የጋና ተወላጅ አሺፊ ጎጎም ስፕሮክሲል የተባለውን አቋቋሙ። በ2010 ናፍዳክ ከስፕሮክሲል ጋር ሆኖ በናይጄሪያ በሥራ ላይ ያዋለው ዘዴ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ በቀለም የተሸፈነ ቁጥር ይለጠፋል። ገዢው ቀለሙን ፍቆ ቁጥሩን ያለ ክፍያ በአጭር መልእክት ይልካል፤ ቁጥሩ በመዝገብ ውስጥ ካለ መድኃኒቱ እውነተኛ ነው የሚል መልስ ይመጣለታል። እያንዳንዱ ቁጥር ለአንድ ማሸጊያ ብቻ የተሰጠ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተጠየቀበት በኋላ ሌላ ሰው ቢልከው ያስጠነቅቃል። ዘዴው የሚሠራው ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ላይም ነው።

የኦኒቻዎቹ ልጆች «ኤፍ ዲ ዲቴክተር» ያሉት መተግበሪያ በሌላ መንገድ ሄደ። ስልኩ በካሜራው በማሸጊያው ላይ የታተመውን ባርኮድ አንብቦ፣ መድኃኒቱ እውነተኛ መሆኑንና የአገልግሎት ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ለገዢው ይነግራል። ይህ ከቀድሞው ዘዴ አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው። የሚፋቀው ቁጥር የሚገኘው መድኃኒት ሠሪው ከፍሎ ባስለጠፈበት ማሸጊያ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ባርኮድ ግን በብዙ ማሸጊያ ላይ አስቀድሞ የታተመ ነው። የአገልግሎት ጊዜን መጨመራቸውም የገበያውን ጠባይ ማወቃቸውን ያሳያል፤ ገዢው የሚጎዳው ከመጀመሪያው ሐሰተኛ በሆነው ብቻ አይደለምና።

ሆኖም ተራው ባርኮድ የሚለየው የዕቃውን ዓይነት ነው። የአንድ ኩባንያ አንድ ዓይነት ሽሮፕ አንድ ሺህ ጠርሙስ ቢሆን በሺሁም ላይ ያለው መስመር አንድ ነው። ማሸጊያውን አስመስሎ የሚያሳትም አጭበርባሪ ባርኮዱንም አብሮ ያሳትመዋል፤ ያን ጊዜ ስልኩ የሚያነበው እውነተኛ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ መተግበሪያው ግድየለሹን ሐሰተኛ ሊይዝ ሲችል ጠንቃቃው ሊያመልጠው ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። በ2008 መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ «ማይ ፒኪን» የተባለ፣ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት የሚሰጥ ሽሮፕ ከ80 በላይ ሕፃናትን ገድሏል። መድኃኒቱ ሐሰተኛ አልነበረም። በሕግ የተመዘገበ፣ በታወቀ ፋብሪካ የተሠራ ሲሆን፣ ከጥሬ ዕቃው አንዱ ዳይኤትሊን ግላይኮል በተባለው መርዝ የተበከለ ነበር። ማናቸውም ባርኮድ፣ ማናቸውም የሚፋቅ ቁጥር ያን ጠርሙስ እውነተኛ ነው ይለው ነበር፤ እውነተኛም ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 ሐሰተኛ መድኃኒትንና ከደረጃ በታች የሆነ መድኃኒትን ለይቶ የሰየመው እንዲህ ያለውን መደባለቅ ለማስቀረት ነው። በዚያው ዓመት ድርጅቱ በድሆችና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙት የሕክምና ውጤቶች ከአሥሩ አንዱ ያህል ከሁለቱ በአንዱ ሥር እንደሚወድቅ ገምቶ ነበር። ሐሰተኛውን የማሸጊያ መዝገብ ሊይዘው ይችላል፤ ከደረጃ በታች የሆነውን የሚይዘው ግን ቤተ ሙከራ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የኦኒቻዎቹን ሥራ ዋጋ አያሳጣም፤ ሥራው የት ላይ እንደ ቆመ ያሳያል እንጂ። የ17 ዓመቷ የፍሎሪዳ ተማሪ የሐኪሙን መዝገብ ተዘጋጅቶ አገኘችው። የኦኒቻዎቹ ልጆች ግን የሚያስፈልጋቸው መዝገብ፣ ማለት በአገሪቱ የተፈቀደው መድኃኒት ሁሉ በየማሸጊያውና በየምርት ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሊጠይቀው የሚችል መዝገብ፣ በእጃቸው አልነበረም። ራሳቸውም ይህን ሳይረዱት አልቀሩም፤ ከሽልማቱ በኋላ ከናፍዳክ ጋር ለመሥራት ማቀዳቸው ተነግሯል። በታዳጊዎች ምድብ የሚወዳደር ቡድን ዕድሜው ከ10 እስከ 14 ዓመት መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ከሽልማት መድረክ ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት ያለው መንገድ ከኦኒቻ እስከ ካሊፎርኒያ ካለው ይረዝማል።

በብዙ አገር የተማሪዎች ሥራዎች የሚቆሙት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ውድድሩ በተፈጥሮው አንድ ቀን ያልቃል፤ አማካሪው ወደ ሥራው፣ ልጁም ወደ ፈተናው ይመለሳል። መተግበሪያ ደግሞ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። የስልኩ ሥርዓት በየዓመቱ ሲለወጥ አብሮ ካልታደሰ መሥራቱን ያቆማል፤ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ማሽን ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ የሰዎችን ምስጢር የሚይዝ ከሆነ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህ የሙያተኛ ሥራዎች ናቸው። ልጆቹ ችግሩን በትክክል ጠቁመው፣ ከችግሩም ጋር የሚስማማ ቅርጽ አሳይተው ሳለ ሙያተኛው አጨብጭቦ ከሄደ፣ ሥራው በማን ምክንያት እንደ ሞተ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 ናፍዳክ በኦኒቻ፣ በአባና በሌጎስ ያሉትን ታላላቅ የመድኃኒት ገበያዎች በአንድ ጊዜ በፖሊስና በወታደር አስከብቦ ዘጋ። ብዙ ሐሰተኛና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በጭነት መኪና እየተጫነ ወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ገበያዎቹ ተመልሰው ተከፈቱ። በድልድዩ አካባቢ ያለው የኦኒቻ ገበያ ከ2007 ወዲህ እንዲህ ሲዘጋ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2018 በታዳጊዎች ምድብ የተሸለሙት አምስቱ ልጃገረዶች በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ለዩኒቨርሲቲ ደርሶ ነበር።